አንድ ሰው፣ አንድ ስም

ኡበይድ በለውጡ ዓመት በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቆ ወደ ከተማችን ሐይቅ ሲመለስ፣ «አይዞህ፣ ለውጥ መጥቷል፤ ሥራም ይመጣል» ይሉት ነበር። ለውጡ መጣ፤ ሥራው መንገድ ላይ ቀረ። ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ ኮፒ ቤት ጥግ ላይ ተቀምጦ ሞባይል ሲጠግን ኖረ። ሱረያ እባላለሁ፤ ኮፒ ቤቴ ዋናው መንገድ ዳር ነው። ያንን ሰባት መቶ ገጽ መጽሐፍ ያተምኩለት እኔ ነኝ፤ ከጥፋቱም ድርሻ አለኝ።

መጽሐፉ ጃቫ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራም ለሚሠሩ ሰዎች የተጻፈ ነው። ኡበይድ እንዳስረዳኝ ከሆነ ኮዱን፣ የኮምፒውተሩን ትእዛዝ ማለት ነው፣ አንተ አትጽፈውም። መጀመሪያ ምን ምን ነገር እንዳለ፣ እያንዳንዱም ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ በሥዕል ታስቀምጣለህ፤ ይኼ ሞዴል ይባላል። ከዚያ ቁልፍ ስትጫን ፍሬምወርክ የሚሉት ነገር ኮዱን ራሱ ያወጣዋል።

«ታዲያ ያንተ ሥራ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ማሰብ» አለኝ። እንዲህ ያለ ትዕቢት ነበረበት።

በ2013 ነሐሴ ጦርነቱ ወልድያን አልፎ ሲመጣ የተፈናቀለው ሕዝብ ሐይቅን ሞላት። ትምህርት ቤቱ አልበቃ ብሎ ሰው በረንዳ ላይና ዛፍ ሥር አደረ። ባል ሚስቱን፣ እናት ልጇን ትፈልጋለች። ኡበይድ ላፕቶፑንና መጽሐፉን ይዞ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተቀመጠና የሰው መፈለጊያ ሠራ። ሞዴሉን በሁለት ቀን ሣለው፦ ሰው፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የመጣበት ቀበሌ። ስም የሚለው ላይ ከአንድ እስከ አንድ ብሎ ጻፈ፤ አንድ ሰው አንድ ስም ብቻ ይኖረዋል ማለት ነው። የመጽሐፉ ምሳሌ የሚለው እንደዚያ ነው።

ወሎ ላይ! የገዛ እናቱ ሁለት ስም አላት። ክርስቲያን ቤት ተወልዳ ሰርካለም ተባለች፤ አባቱን ስታገባ ሉብና ሆነች። ወንድሞቿ ጋ ስትሄድ በአንዱ ትጠራለች፣ ሐይቅ ስትመለስ በሌላው፤ ማንንም አይገርምም። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ ይኼ ልጅ ግን አላዋቂ አልነበረም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። እያወቀ ለመጽሐፉ ሲል ረሳው። እኔም ተፈናቃዮቹ የሚመዘገቡበትን ቅጽ አምስት መቶ ጊዜ ሳባዛ ያችን አንድ የስም መስመር እያየኋት ትንፍሽ አላልኩም።

መጀመሪያ ሥራው ሰመረ። በአንድ ወር ውስጥ አርባ የሚሆኑ ሰዎች ተገናኙበት። አንዲት እናት የኡበይድን እጅ ስትስም አይቼ አልቅሻለሁ።

በጥቅምት መጀመሪያ ምንይችል የሚባል የአምባሰል ገበሬ መጣ። መርሳ ያገባች እህቱ ከጦርነቱ ወዲህ ጠፍታበታለች።

«ስህን አያሌው ትባላለች፤ እስቲ ፈልግልኝ የኔ ወንድም።»

ኡበይድ ጽፎ ተጫነ። «የሉም።»

«እስቲ ድገመው።»

ደገመው፤ ፊደሉንም ቀያይሮ ሞከረ። «እዚህ ቢኖሩ ማሽኑ ይነግረን ነበር፤ ወላሂ የሉም» አለ። በአባቷ ስም ብቻ ቢፈልጋት ምን ነበረበት?

«እንግዲያው ከዚያው ቀርታለች፤ ሄጄ አመጣታለሁ» አለ ምንይችል። ተኩሱ መንገዱ ላይ ካለችው ውጫሌ አጠገብ እንደደረሰ ነገርነው። «እሷን እዚያ ትቼ እህል በጉሮሮዬ ይወርዳል?» ብሎ ዱላውን አነሣና ሄደ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት መጣች። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከተመዘገበች ሁለተኛ ወሯ ነው።

«ወንድሜን ፈልግልኝ፤ ምንይችል አያሌው ነው ስሙ፤ ከአምባሰል፤ ተኩሱ እዚያ ደረሰ ሲሉ ሰማሁ» አለችው።

የኡበይድ ፊት አመድ መሰለ። «እትዬ፣ የእርስዎ ስም ማን ነው?»

«ፈዲላ ነዋ። አንተው አይደለህ የጻፍከኝ?»

«ሌላስ ስም አለዎት?»

«እናቴ ቤትማ ስህን ነኝ።»

አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ኡበይድ ሳይደብቅ ነገራት፦ ወንድምዎ መጥተው ነበር፣ ጠየቁን፣ የሉም አልናቸው፣ እርስዎን ፍለጋ ወደ መርሳ ሄዱ። ሴትዮዋ አልጮኸችም።

«በማን ስም ጠየቀህ?» አለችው።

«ስህን ብለው።»

«ሌላ በማን ይጠራኛል?» አለች።

ያን ቀን ኡበይድ ሞዴሉን ከፍቶ ስም ላይ ከጻፈው «ከአንድ እስከ አንድ» ሁለተኛውን አንድ አጠፋ። ልክ ለሌለው ነገር መጽሐፉ ኔጌቲቭ አንድ ጻፍ ይላል፤ ያንን ጻፈና ቁልፉን ተጫነ። አዲሱ ኮድ ወጣ። ሁሉም ነገር ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ሩብ ሰዓት! መጽሐፉን ይዤ ብቀዳድደው ደስ ባለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ሐይቅም ተያዘች፤ ሁላችንም ተበተንን። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ላፕቶፑም ኮፒ ማሽኔም የሉም። የምንይችል ወሬም ያኔ ነው የደረሰን። ውጫሌን ሳያልፍ በተኩስ መካከል ወድቆ፣ የማያውቁት ሰዎች ቀብረውታል።

ኡበይድ ለቅሶ እንድንደርስ ለመነኝና አምባሰል አብረን ወጣን። ፈዲላ ከሴቶቹ ጋር ግድግዳ ሥር ተቀምጣለች። ኡበይድ ከሁሉም በላይ አምርሮ ያለቅስ ስለነበር አንድ ሽማግሌ ጠጋ አሉት።

«አብሽር ልጄ፤ ለሟች ምኑ ነህ?»

«‹እህትዎ እዚህ የሉም› ያልኳቸው እኔ ነኝ» አለ።

ሽማግሌው አልገባቸውም። ፈዲላ ቀና ብላ አየችውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።