ከዐሥር ስድስት

የባለቤቴን ዕቃ ቀስ እያልኩ ነው የማስተካክለው፤ በሳምንት አንድ መሳቢያ። አሸር ካረፈ ስምንት ወር ሆነው፤ መሳቢያዎቹ ግን ገና አላለቁም። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ጓንቶቹ ሥር አንድ የተቧጨረ የጌም ዲስክ አገኘሁ። ሽፋኑ ላይ ጭንብል ያጠለቁ ሁለት ጀግኖች ቡጢያቸውን ጨብጠው ይፋጠጣሉ። እያለቀስኩ መስሎኝ ነበር። ለካስ ክርያት ያም ባለው ቤታችን፣ ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ ብቻዬን እየሳቅሁ ነው።

እኔና አሸር ሃይፋ፣ ኔቬ ዮሴፍ ሰፈር ውስጥ የአንድ ሕንፃ ልጆች ነበርን፤ እኛ ሁለተኛ ፎቅ፣ እነሱ አራተኛ። ጊዜው የሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ስድስተኛ ክፍል ነበርን። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደረጃው በረኪና በረኪና ይሸታል፤ ከየበሩ ሥር የምሳ ሽታ ይወጣል፤ መስኮቱ ክፍት ከሆነ ደግሞ ነፋሱ ከታች ከፋብሪካዎቹ ጭስና የባሕር ጨው ቀላቅሎ ያመጣል። የአሸር ታላቅ ወንድም ወታደር ነበር። አንድ ዐርብ ለሰንበት ሲመጣ ያን ጌም ከቆሸሸ ልብሱ መካከል አውጥቶ ለታናሹ ሰጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሕንፃው ልጅ ሁሉ መዋያ አራተኛ ፎቅ ሆነ።

ልዕለ ጀግኖች እርስ በርስ የሚደባደቡበት ጨዋታ ነው። አንዱ ከመዳፉ መብረቅ ያወጣል፤ አንዱ የብረት ክንፍ አለው፤ አንዲቱ ደግሞ በረጅም ፀጉሯ እንደ ጅራፍ ትገርፋለች። ወንዶቹ ጆይስቲኩን እየተነጣጠቁ ይጮኻሉ፤ እኔ ከኋላ ሆኜ ሱፍ እየፈለፈልኩ አያለሁ። «ስጡኝ» ብዬ አላውቅም፤ «ነይ ሞክሪ» ያለኝም የለም።

እኔ የምታወቀው በሌላ ነገር ነበር፤ በማንበብ። ከማዘጋጃ ቤት፣ ከሐኪም ቤት፣ ከትምህርት ቤት ደብዳቤ ሲመጣ የሕንፃው እናቶች በሙሉ እኔን ይጠሩኛል። ለእነሱ በዕብራይስጥ የታተመ ወረቀት ሁሉ ትእዛዝ ነው። «ነገ ኑ» ካለ ይሄዳሉ፤ «ፈርሙ» ካለ ይፈርማሉ። እኔም ቆሜ ሳነብ ሁሉም ጸጥ ሲል ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ታዲያ አንድ ሰኞ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ጋዜጣ ሳገላብጥ ስለዚያ ጌም የተጻፈ ሂስ አገኘሁ። ተውሼ እየሮጥኩ አራተኛ ፎቅ ወጣሁና በልጆቹ መካከል ቆሜ አነበብኩት። «ሥዕሉ ያምራል፤ ድብድቡ ግን አሰልቺ ነው። አንድ ቁልፍ ደጋግሞ የተጫነ ሁሉ ያሸንፋል። ከዐሥር አራት።»

የአሸር እናት እትዬ ትርንጎ እጃቸውን እየጠራረጉ ከማድ ቤት ብቅ አሉ። «ምን ይላል ወረቀቱ?»

«ጌሙ አይረባም ይላል» አልኩ ኮራ ብዬ።

«ማን ነው ያለው?»

«ጋዜጣው።»

«ውይ በሞትኩት! ይህን ቤቴ አስገብቼ ልጅ ሰብስቤበታለሁ?» አሉና ዲስኩን አስወጥተው፣ በሻሽ ጠቅልለው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት።

«እማ፣ የአንድ ሰው አስተያየት እኮ ነው!» አለ አሸር።

«አስተያየት ቢሆን ያትሙት ነበር?»

አሸር ደረጃው ድረስ ተከትሎኝ ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል። «ጋዜጠኛዋ! ደስ አለሽ? ዐርብ ወንድሜ ሲመጣ ምን ልለው ነው? ‹ያመጣህልኝን እማ ቆለፈችበት› ልበለው?»

«እኔ የተጻፈውን ነው ያነበብኩት።»

«አንድ ቀን እንኳ ሳትነኪው! ሁለተኛ ቤታችን እንዳትመጪ።»

በሩን ዘጋብኝ። ማክሰኞና ረቡዕ ቤቴ ዋልኩ። ያ ሁሉ ጩኸት ጠፍቶ ሕንፃው ዝም አለ። ልጆቹ ደረጃው ላይ ሲያገኙኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። ያን ጊዜ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዐርብ ሳይመጣ አሸር እንዲያናግረኝ።

አያቴን አባባ ነበር የምንላቸው። በጎንደር ሽማግሌ ነበሩ፤ ሃይፋም መጥተው ሽምግልናው አልቀረላቸውም። ባልና ሚስት ሲጣሉ ከክርያት ሞጽኪን ድረስ ይመጡላቸዋል። ረቡዕ ዕለት «ምነው ቤት ዋልሽ?» ሲሉኝ ሁሉንም ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው አድምጠው «አንቺ ተጫውተሽበታል?» አሉኝ።

«አልተጫወትኩም።»

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሄድሽ በይኛ» አሉና ባርኔጣቸውን ፈለጉ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አራተኛ ፎቅ ሸንጎ ተቀመጠ። አባባ ትልቁ ሶፋ ላይ፣ ልጆቹ ምንጣፉ ላይ፣ እኔ በሩ አጠገብ። አባባ «ዕቃውን አምጪው፤ ሳላየው አልፈርድም» አሉ። እትዬ ትርንጎም «እርስዎ ካሉ» ብለው ሻሹን ፈቱ። ቴሌቪዥኑ ተከፈተና ጀግኖቹ መደባደብ ጀመሩ። አባባ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው አዩ።

«ይሄ የሚበረው ሰው፣ መብረር ከቻለ ለምን ወርዶ ይመታል?» አሉ። ከዚያ ወደ አሸር ዞሩ።

«የተጣሉትስ በምንድን ነው?»

«በምንም አባባ፣ ጨዋታ ነው» አለ አሸር።

«ያለ ምክንያት የተጣላ በምን ይታረቃል? ገላጋዩስ የታለ?»

«ገላጋይ የለውም።»

«ይሄ ነው ጉድለቱ!» አሉ አባባ። ጋዜጣው ያላየውን አይተው ነበር።

ከዚያ ምስክር መስማት ጀመሩ። የሦስተኛ ፎቁ ሺሞን፣ ከሁላችንም ጎበዙ፣ ተነሥቶ ቆመ። «ሃያሲው ስላልቻለበት ነው የተናደደው፤ መብረቁን ከዝላይ ጋር ማጣመር ሳምንት ይፈጃል» አለ። አሸር ደግሞ «ዐሥር ነው። ወንድሜ ነው ያመጣልኝ» አለና አቀረቀረ።

«አሁን አንቺ» አሉኝ አባባ። «ጋዜጣውን ሰምተናል። ያንቺን ነው የምንፈልገው። ያዥው።»

ጆይስቲኩን ተቀበልኩ። ባለ ፀጉሯን መረጥኩ፤ ሺሞን ባለ መብረቁን። የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚያደርግ ስለማላውቅ አንዱን ብቻ ነረትኩት። ፀጉሯ ይገርፋል፣ ይገርፋል፣ ይገርፋል፤ ሺሞን ጥግ ተይዞ መነሣት አቃተው።

«ዳይ! በቃ! አንዷን ብቻ እኮ ነው የምትጫነው! አባባ፣ ይሄ ስርቆት ነው!»

«ተዪው፣ ግረፊው!» አሉ እትዬ ትርንጎ፤ የቆለፉበትን ረስተው።

አሸነፍኩ። ዘልዬ ስነሣ የሱፉን ሳህን ገለበጥኩት። ሳቄ አላቆም አለ። አባባ እስክረጋ ጠብቀው «እህ፣ ስንት ትሰጪዋለሽ?» አሉ።

አሰብኩ። ዐሥር ብል አሸር ይታረቀኛል፤ ግን አባባ ፊት መዋሸት አልቻልኩም። «ጋዜጣው ልክ ነው፤ አንዱን ቁልፍ የነረተ ያሸንፋል። ግን አሰልቺ ነው ያለው ውሸት ነው። ደግሜ መጫወት እፈልጋለሁ። ስድስት።»

«ስድስት?!» አሸር ከምንጣፉ ተነሣ። «አሁን አይደል እንደ ፍየል ስትዘዪ የነበርሽው? ስድስት ማለት ምን ማለት ነው?»

«ስድስት ማለት ስድስት ነው!»

«ዐሥር ነው!»

«ስድስት!»

አፍንጫ ለአፍንጫ ቆመን ስንጮህ አባባ ባርኔጣቸውን አንሥተው ብድግ አሉ። «ሲያናግራት አያችሁ? የእኔ ሥራ አልቋል።» ፍርዳቸውንም በሩ ላይ ቆመው ሰጡ። ዲስኩ ለባለቤቱ ይመለስ፤ በተጫዋቾቹ መካከል አንድ ገላጋይ ይቀመጥ፤ ጨዋታው ሲያልቅ ተሸናፊና አሸናፊ ሳይጨባበጡ ሌላ እንዳይጀመር። ወደ እትዬ ትርንጎ ዞረውም «ጋዜጣም ሰው ነው የሚጽፈው፤ ልጄ» አሏቸው።

ዐርብ የአሸር ወንድም ከነወታደር ልብሱ ሲገባ እኔ በሁለት ልጆች መካከል እግሬን አጣጥፌ ተቀምጬ «ተጨባበጡ!» እያልኩ ነበር። «ይህች ደግሞ ምንድን ናት?» ሲል አሸር «ገላጋይ ናት፤ ግን ፍርድ አታውቅም» አለው። ያን ቀን ወንድሙም በፀጉር ተገርፎ ሄደ።

ክርክሩ ግን አላለቀም። አድገን፣ ተጋብተን፣ ልጅ ወልደንም አላለቀም። ከፋብሪካ ተመልሶ እጁን እየታጠበ «ዛሬስ ስንት ሆነ?» ይለኛል። «ስድስት» እለዋለሁ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነርሷ «ሕመምህ ከዐሥር ስንት ነው?» ስትለው «ሚስቴን ጠይቂያት፤ እሷ ሁሉንም ነገር ስድስት ነው የምትለው» አላት። ሦስታችንም ሳቅን፤ የእኔ ሳቅ በመካከል ተሰበረ።

ዛሬ የዐሥር ዓመቱ ልጃችን ዲስኩን ሲያይ ስልኩን አውጥቶ ስሙን ፈለገ። ስለዚያ አሮጌ ጌም የማያውቀን ሰው ሁሉ ጽፎበታል። አንዱ ይሰድበዋል፣ አንዱ ያመልከዋል፣ ከዚያ እርስ በርስ ይሰዳደባሉ፤ በመካከላቸው ባርኔጣውን አንሥቶ የሚነሣ ሽማግሌ የለም። ልጄም ከማያውቃቸው ጋር ይጫወታል፤ ሲያልቅ ማንም ማንንም አይጨብጥም። እኛ አንድ ጋዜጣና አንድ አያት ነበሩን፤ በቅተውናል።

«እማ፣ አንቺስ ስንት ትሰጪዋለሽ?» አለኝ።

ዐሥር ምላሴ ላይ ነበር። ያ ምንጣፍ፣ ያ ጩኸት፣ ያ አፍንጫ ለአፍንጫ መቆም ከዐሥርም ይበልጥ ነበር።

«ስድስት» አልኩት።

«አባ እኮ ዐሥር ነው ይል ነበር!»

«አውቃለሁ። ተሳስቷል።»

ልጄ ስልኩን አስቀምጦ ሊከራከረኝ ከፊቴ ቁጭ አለ።