ባሌ በረግረጉ ላይ የሠራው ካብ

የባሌን ቀኝ እጅ የሰበረው ሰው በየጠዋቱ በደጄ ሲያልፍ «ከመይ ሓዲርኪ፥ ሓፍተይ?» ይለኛል። «ደሓን» እላለሁ። ሓፍተይ ማለት እህቴ ማለት ነው። እኔ በልቤ እሱን ምን እንደምለው ግን ከአላህና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ቁጣዬ ቅርብ ነው። ወሎ ሳለሁ እናቴ «አንቺ ልጅ፥ ምላስሽ ባይገድልሽ እጅሽ ይገድልሻል» ትለኝ ነበር። መቐለ ለሥራ መጥቼ፣ እዚሁ ካገኘሁት ግንበኛ ጋር ተጋብቼ፣ ጦርነትን ያህል ነገር አልፌ እንኳ ጠባዬ አልለዘበም።

ጦርነቱ ሲያበቃ ቤት አልነበረንም። በሰው ግቢ፣ የሰው አጥር ላይ ቆርቆሮ አስደግፈን ስንኖር፣ ሽንት ቤት በገባሁ ቁጥር ባለቤትዮዋ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። እኔ የምፈልገው አንድ ክፍል ነበር፤ በሩን ከውስጥ የምቀረቅረው አንድ ክፍል። ስለዚህ ቤት ለሌላቸው መሬት ሊሰጥ ነው ሲባል ከሁሉ ቀድሜ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ። መሬቱ ከከተማው ጠርዝ፣ በዓይናለም በኩል ያለ ረግረግ ነበር። «አጠንፍፉትና ኑሩበት» ተባልን። ላይኛው ወገን ለቤት፣ ታችኛው ለአትክልት። ነገሩ ያስቃል። መቐለ የሚጠጣው ከዓይናለም ጉድጓዶች ነው፤ ቧንቧ የመጣ ቀን ሰው ከነፒጃማው ጀሪካን ይዞ ይሮጣል። እኛ ግን እዚያው አጠገብ ውሃ አባሩ ተባልን። «በትግራይ ምድር ውሃ የሚያባርር ሰው አይቼም ሰምቼም አላውቅ» ይል ነበር ባሌ፣ አካፋውን እየሳለ።

ረግረጉ በቀላሉ አልለቀቀንም። መጀመሪያ ቄጠማውን አቃጠልነው። ከሥር ረጥቦ ከላይ ሲንቀለቀል እንቁራሪቶቹ እየተንጫጩ ወደ እግራችን ዘለሉ። ሴቶቹ በጫማችን እየረገጥን፣ ወንዶቹ እባቡን በአካፋ እየቆረጡ ስንገድል ዋልን። ከሥራ ስንወጣ እግራችን ላይ የተጣበቀውን አልቅት በጨው እያስለቀቅን ደማችንን እናብሳለን።

ታችኛው መሬት ከደረሳቸው ሰዎች አንዱ፣ ይኸው አሁን ሓፍተይ የሚለኝ ሰው፣ ከጦርነቱ የተረፈለት አንድ በሬ ነበረው። መሬቱ የጠነከረ መስሎት ግንድ ሊያስጎትተው አስገባው። በሬው እስከ ሆዱ ሰመጠ። ቀንዱንና አንገቱን አስረን ሁላችንም ገመዱን ያዝን። «ሆ!» ብለን ስንጎትት የአንገቱ አጥንት ሲሰበር በገመዱ በኩል እጄ ውስጥ ተሰማኝ። ሰውየው ጭቃው ውስጥ ገባ፣ በሬው አንገት ላይ ተቀምጦ እያለቀሰ በገዛ እጁ አረደው። ክርስቲያኖቹ ሥጋውን ተከፋፈሉ፤ እኛ ሙስሊሞቹ ፊታችንን አዙረን ቁፋሯችንን ቀጠልን። እሱ አልቀመሰም። ያን ቀን ከልቤ አዘንኩለት፤ በሬው ዛሬም ያሳዝነኛል። ከዚያ በኋላ ለሰውየው የቀረው ታች የተከለው ሽንኩርትና ቃሪያ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ። እዚህ አገር ያደገ ሰው ሁሉ የእርከን ልጅ ነው። በየበጋው ለነጻ ጉልበት ሥራ ተራራ ወጥቶ፣ ዳገቱን አግድም ቆፍሮ፣ በቁልቁሉ በኩል ድንጋይ ክቦ፣ ከዝናቡ አንዲት ጠብታ እንዳታመልጥ ያደርጋል። እጁ የሚያውቀው ውሃ መያዝን ነው። መልቀቅን ማን አስተማረው? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለን ተሰለፍን፤ ሰንጥቀን ቁልቁል መውረድ ሲገባን ረግረጉን አግድም ቆፈርነው። ባሌ ሲባጎ ወጠረ። ውሃ ልኩን አጋድሞ፣ አረፋዋ መሐል ላይ ቀጥ እስክትል ድረስ የቦዩን ወለል አስተካከለ። ከቦዩ በታች፣ በአትክልቱ ራስ ላይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ካብ ሠራ። ድንጋዩን ጠርቦ፣ እርስ በርሱ አናክሶ፣ ክፍተቱን በሸክላ አፈር ጠቀጠቀው። አይቼ ኮራሁ። ሽማግሌዎቹ በዱላቸው እየነካኩ «ሰብኣይ እዩ! ወንድ ነው!» ብለው አሞገሱት።

ረግረጉ በበጋው ፀሐይ ትንሽ ሲደርቅ የኛ ሥራ መሰለን። ቤታችንን ሠራን። በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ ከውስጥ የሚቀረቀር በር። በገባን ቀን ያለ ምክንያት ዘግቼ ከፈትኩ፣ ዘግቼ ከፈትኩ። ባሌ «በሊ፥ ማጠፊያውን ትጨርሽዋለሽ» ብሎ ሳቀብኝ።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ወረደ። ውሃው ቦዩን ሞልቶ ካቡ ጋ ደርሶ ቆመ። መሄጃ የለውም፤ እንዳይሄድ ተደርጎ ነው የተሠራው። ወደ ኋላ ተኛ፣ ወደ እኛ። አንድ ጠዋት ከአልጋዬ ስወርድ እግሬ ውሃ ረገጠ። የግድግዳው ማዕዘን ከታች ተሰንጥቆ እጅ ያስገባል። «ካቡን አፍርሰው!» ብዬ ጮኽኩ። ባሌ ስንጥቁን አየ፣ ዲጂኖውን አንሥቶ ወጣ።

ሰውየው አካፋ ይዞ ካቡ ላይ ቆሟል። ከኋላው ሽንኩርቱና ቃሪያው በደህና መሬት ላይ አምረዋል።

«ሓወይ፥ ወንድሜ፥ ከዚህ ከከፈትከው የኔ ነገር አለቀ» አለው።

«ቤቴ እየወደቀ ነው» አለ ባሌ።

«ቤት እንደገና ይሠራል፤ አንተ ግንበኛ ነህ። የኔ በሬ ግን እዚያ ቀርቷል» አለና በአካፋው ረግረጉን አሳየው።

«ውረድ!»

«ኣይወርድን!»

ባሌ ዲጂኖውን በካቡ ላይ ሰነዘረ። ድንጋዩ ብልጭ አለ እንጂ አልተነቃነቀም። ደገመው፣ ደጋገመው። ሰው ከላይም ከታችም እየሮጠ መጣ፤ የላይኛው «አፍርሰው!» ይላል፣ የታችኛው «እስቲ ንካው!» ይላል። የሰውየውን ሚስት በነጠላዋ ጎትቼ ጭቃ ላይ ጣልኳት፤ እሷም ጸጉሬን በጭብጧ ሙሉ ነቀለችው። ድንጋይ በራሳችን ላይ ያልፋል። አንዱ ከአጠገባችን ደምና ጥርስ ተፋ። ባሌ ማንንም ሳያይ ከገዛ ካቡ ጋር ይታገላል። በመጨረሻ ዲጂኖውን ጣለ፤ አንዷን ድንጋይ በጣቶቹ ሊነቅል ቀኝ እጁን ክፍተቱ ውስጥ ሰደደ። ሰውየው አካፋውን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ በስለቱ አወረደበት።

የሰማሁት ድምፅ የበሬው አንገት ድምፅ ነበር።

ከዚያ ከኋላችን ሌላ ድምፅ መጣ። ዞር ስንል ቤቴ በአንድ ጎኑ ተንበረከከ፣ ቆርቆሮው ተንሸራቶ ውሃው ላይ ተኛ። በሩ ከነመቃኑ ብቻውን ቆሞ ቀረ። ከካቡ አንዲት ድንጋይ አልጎደለችም።

ሐኪም ቤት የባሌን እጅ ጠገኑት፤ ጣቶቹ ግን አይታጠፉም። መዶሻ መያዝ ቀረ። እንጀራውን በግራው መቁረስ የጀመረ ቀን፣ እኔ ያን ማየት አልቻልኩምና ሳህኔን ይዤ ወጣሁ። ወንድሞቼ ከወሎ «እንምጣ?» ብለው ደወሉ። ኑ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ቀደሙኝ። ሁለቱን ወገን አስቀምጠው ፈረዱ፤ ቦዩ በሰውየው አትክልት መሐል ቁልቁል ይውረድ፣ ደግሞም እጅ ሰብሯልና እጅ ይስጥ። ግንበኛው እያሳየው፣ ሰውየው በገዛ እጁ ቤቱን መልሶ ይገንባለት። ምሳውን እኔ ላብላው።

«ላብላው? ልቆርጠው ሲገባኝ?» ብዬ ተነሣሁ።

ባሌ በግራ እጁ ቀሚሴን ይዞ አስቀመጠኝ። «ይብቃ። እኔ ቤት እፈልጋለሁ» አለኝ።

ዝናቡ ሲያቆም ቁልቁል ሰነጠቅነው። ሰው ሁሉ አፍሮ አንገቱን ደፍቶ ይቆፍራል፤ ከመጀመሪያውም እንዲህ መቆፈር ነበረበት። ካቡን ለመክፈት የሰፈሩ ጎልማሳ በሙሉ ተረባርቧል። ውሃው የሰውየውን ሽንኩርት ጠራርጎ ወንዝ ገባ፣ ረግረጉም ደረቀ።

ከዚያ ሰውየው በየቀኑ መጣ። ባሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በግራ ጣቱ ያሳየዋል፤ ሲያበላሽ ይሰድበዋል፣ ያፈርሰዋል፣ ያስደግመዋል። ሥጋችን ስለማይገናኝ ምሳው ሁልጊዜ ሽሮ ነው። በርበሬውን ሆን ብዬ እጨምርበት ነበር። ዓይኑ እያነባ ጨርሶ ያመሰግነኛል፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ ያናድደኛል።

አንድ ቀን ሰውየው በአንድ በኩል ጭቃ ሲደለድል፣ እኔ በሌላው በኩል ቆሜ ድንጋይ አቀብለው ነበር። ከባዱን የማዕዘን ድንጋይ ይዣለሁ። የቀኝ እጁ ጣቶች ተበትነው ግድግዳው ላይ፣ ከድንጋዩ ሥር ናቸው። እጁን አየሁት። ማየቴንም አየ። ሊያነሣው ይችል ነበር፣ አላነሣውም።

«ልቀቂው፥ ሓፍተይ» አለኝ ቀስ ብሎ።

ባሌ ከኋላችን ምንም ሳያይ «ወደ ቀኝ አስጠጉት!» ብሎ ጮኸ።

ልለቀው ነበር። በአላህ እምላለሁ፣ ልለቀው ነበር። ከጣቶቹ አጠገብ፣ ጭቃው ላይ አስቀመጥኩት። ይቅር ብዬው አይደለም። ግድግዳው ገና ከደረቴ አላለፈም ነበር፤ ባሌ ደግሞ ከዚያ ሌላ እጅ አልነበረውም።