መርዶ ያደረበት ቅዳሜ

እኔ የውጫሌ ደጋፊ ነኝ። ሐይቅ ከተማ ሱቅ ከፍቶ፣ ሚስት አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ የውጫሌ ደጋፊ መሆን ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የኖረበት ብቻ ነው። ሚስማር ሊገዛ የመጣ ሰው እንኳ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ስለ እሁዱ ሽንፈታችን ይጠይቀኛል። ምን ላድርግ፣ የተወለድኩት አምባሰል ነው፤ ኳስ መጀመሪያ ያየሁት ውጫሌ ሜዳ ላይ ነው፤ ሰው ደግሞ ሃይማኖቱንና ቡድኑን አይቀይርም። አፍህ ስለት ነው ይሉኛል፤ አልክድም።

ከሱቄ ጎን በረንዳ ላይ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ ግን ከሁሉም ይብስ ነበር። እሱ የሐይቅ ከተማ ቡድን ደጋፊ ነው። ደጋፊ ማለት ያንሰዋል፤ የተጫዋቾቹን ማሊያ የሚሰፋው፣ ቁጥሩን የሚለጥፈው፣ የተቀደደውን የሚጠቅመው እሱ ነው። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ድሮ ጋሼ እለው ነበር፤ በኋላ ኳሱ ጋሼነቱን አስቀርቶ አንተ አባባለን። ጠዋት ሱቄን ስከፍት እንደ ሰው ደህና አደርክ አይለኝም። "ዛሬም አላፈራችሁም?" ነው የሚለኝ፤ እናንተ ማለቱ ውጫሌዎችን ነው።

የሚያኮራ ልጅ ነበረው። ለሐይቅ በግራ ክንፍ፣ በአስራ አንድ ቁጥር ይጫወት ነበር። አምና እዚያው እኛ ሜዳ ላይ ሁለት ጊዜ አገባብን፤ ተከላካያችን እስካሁን የት እንደገባ እየፈለገው ይመስለኛል። ያ ልጅ ታዲያ እንደ ብዙ የሰፈራችን ልጆች አንድ ጠዋት ሳይሰናበት ወጣ። ከጅቡቲ ደወለ። ባሕሩን ተሻግሬ የመን ስደርስ እደውላለሁ፣ ከዚያ ሳዑዲ ቅርብ ነው አለ። አባቱ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ አለቀሰ፣ በመጨረሻ ሰው ልጁን ሲያማ እሱ ጠበቃ ሆነ። ወጣት ነው፣ ሠርቶ ይመለሳል፣ ኳሱም አያመልጠውም ይል ጀመር።

እኔም ከዚያ ወዲህ አዲስ ስድብ አገኘሁ። ልጅህ ከሄደ ወዲህ ግራ እግራችሁ ተቆርጧል እለዋለሁ። በቀን አንድ ጊዜ ካላልኩት አይሆንልኝም። እሱም ይስቃል፤ ስድቡ ውስጥ የልጁ ምስጋና ስላለበት ደስ ይለዋል።

እሁድ ሁለቱ ቡድኖች ውጫሌ ላይ ሊገናኙ ነው፤ ይህ የሆነው ቅዳሜ ቀን ነው። እኩለ ቀን ላይ አንድ የሐይቅ ደጋፊ የሆነ የባጃጅ ሾፌር ሱቄ ገባና የቆርቆሮው ክምር ላይ ተቀመጠ። መልኩ አመድ መስሏል። ምነው፣ ገና ሳንጫወት ተሸነፋችሁ እንዴ ብዬ ልቀልድ ስል እንባው ወረደ። ከልጁ ጋር የሄደ አብሮ አደጉ ከየመን ዳርቻ ደውሎለት ኖሯል። ጀልባዋ ተገልብጣለች። እሱ በነፍሱ ተርፏል፤ የልብስ ሰፊው ልጅ ግን ዓይኑ እያየ ሰምጧል። ለአባትየው ልደውል ብሎ አቅም አጣ፤ ለሾፌሩ ነገረው።

ግድግዳው ስስ ነው። ከወዲያ ማዶ የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማኛል፤ እየሰፋ ነበር።

የቅሬያችንን ዳኛ አስጠራሁት። ቅሬ ማለት ሞትና ሐዘን ሲመጣ የምንሰባሰብበት ማኅበራችን ነው፤ ዳኛው ደግሞ ያን ጊዜ ሁላችንን የሚያዝ ሽማግሌ ነው። በጓሮ በር ገብቶ ቆሞ ሰማን፤ አማተበ፤ ከዚያ ሥራውን ጀመረ። በኛ አገር መርዶ እንደተገኘ አይነገርም። ሰው በሥራው ላይ እያለ፣ ብቻውን፣ ወገን ሳይሰበሰብ የልጁን ሞት አይሰማም፤ ንጋት ላይ ነው የሚረዳ። የልጁ እናት ደግሞ ከተማ አልነበረችም። ሴት ልጃቸው አርዲቦ ሐይቅ ዳር ካለ መንደር ተድራ አራስ ናት፤ እናት እሷን ልታርስ ሄዳለች። ዳኛው ሾፌሩን ሌሊት ተነስተህ ምክንያት ፈጥረህ ታመጣታለህ አለው። እስጢፋኖስ ገዳም ላሉት የነፍስ አባታቸውም ሰው ተላከ። ባልና ሚስት አንድ ላይ፣ በአባ ፊት ይረዱ ተባለ።

ወደ እኔ ዞረ። "አንተ እስኪመሽ ከበረንዳው እንዳትለይ፤ ተከራከረው" አለኝ።

ምን ብዬ ነው የምከራከረው አልኩት።

"እንደ ወትሮህ ስደበው። ዝም ካልክ ይገባዋል።"

እግዜር ያሳያችሁ፤ ሰው ሁሉ ዝም በል የሚለኝ እኔ፣ ዝም ማለት በፈለግኩበት ቀን ተናገር ተባልኩ።

ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ። ልብስ ሰፊው የነገዎቹን ማሊያዎች ጭኑ ላይ ከምሮ ቁጥር ይለጥፋል። ሌሎች ሁለት ሦስት የሐይቅ ደጋፊዎችም መጥተው አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል፤ እነሱም ሰምተዋል፤ ዓይናቸው መሬት ነው። ሾፌሩ ዳር ላይ ተቀምጦ የባጃጁን ቁልፍ ያገላብጣል። የሚያወራው ልብስ ሰፊው ብቻ ነው። እንዳየኝ ለተሸናፊ ቦታ ልቀቁ አላቸው፤ እነሱም እንደታዘዘ ሰው ሳቁ።

ክርክሩን ጀመርን። በረኛችሁ ጉልበቱን ታሟል አልኩት፤ በአንድ እግሩም ለእናንተ ይበቃል አለኝ። ሜዳችን ወደ መንገዱ ያዘነበለ ነው፤ ከዕረፍት በኋላ ቁልቁል የሚያጠቃው ማን እንደሆነ ተወዛገብን። እሱ ዕጣው ለኛ ይወጣል ይላል። ከደሴ የሚመጣው የጨዋታ ዳኛ የውጫሌ አማች ነው አለ፤ እኔ ደግሞ የአጎቱ ልጅ ሐይቅ ነው ያገባው አልኩ። ውሸቴን ነው፤ ሰውየውን አላውቀውም። አፌ እንደ ልማዱ ይሠራል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ አንድ ቃል እንዳታመልጠኝ ምላሴን እየነከስኩ ነበር የምሳደበው።

እሱ ያን ቀን እንዲያ ተደስቶ አይቼው አላውቅም። ሁላችንም ስለከበብነው ይሆናል። ወትሮ ቅዳሜ ከሰዓት አንዱ ገበያ፣ አንዱ ቤቱ ይሄዳል፤ ያን ዕለት ግን የሚነሳ የለም። ምን ሆናችኋል፣ ቤት የላችሁም እንዴ እያለ ይቀልዳል። ሻይ አዘዘልን። እኔ የማልጠጣው ሻይ ፊቴ በረደ።

ስልኩ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጧል። ዓይኔ ከሱ ላይ አልነቀል አለ። ሰው አይታመንም፤ ከወሬው ጫፉን የሰማ አንዱ እግዜር ያጽናህ ብሎ ቢደውልስ። የኔ ዘግቶብኛል፣ ለዕቃ አምጪው ልደውል ብዬ ወሰድኩትና ሱቄ ገብቼ አጠፋሁት። ስመለስ ኪሴ ውስጥ ነው። ባትሪውን እንዳትጨርስብኝ፣ ልጄ የሚደውለው በሱ ነው አለኝ። እሺ አልኩት።

ከዚያ ስለ ግራ ክንፍ ወሬ ተነሳ። የተነሳው በሱ ነው። ተተኪው ልጅ ቀኝ እግረኛ ነው፣ ኳስ ሲያገኝ ወደ ውስጥ ይሮጣል፣ መስመሩን ባዶ ይተወዋል እያለ አማረረ። እኔ ወደ በረኛው ጉልበት ልመልሰው ሞከርኩ። አልመለስ አለ። አንዱ ስለ ዝናቡ አነሳ፤ እሱንም አልሰማው። መኪናውን አቆመ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለና አየኝ።

"ዛሬ ምን ነክቶሃል? ያቺን ስድብህን ረሳሃት?"

የትኛዋን አልኩት። እያወቅኩ።

"ግራ እግራችሁ ተቆርጧል የምትለዋን።"

አግዳሚው ላይ ያሉት እኔን ያያሉ። እሱም ያየኛል፤ ፈገግ ብሎ ስድቡን ይጠብቃል፤ መልሱን አዘጋጅቶ እንደተቀመጠ ያስታውቃል። ብተው ይጠረጥራል። ብናገር ደግሞ ምን ዓይነት ፍጥረት ነኝ። ወይ ነዶ! ያችን ሰከንድ እስክሞት አልረሳትም።

"ልጅህ ከሄደ ወዲህ ግራ እግራችሁ ተቆርጧል" አልኩት።

ሳቀ። ከት ብሎ ሳቀ፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። በማሊያው ጫፍ ዓይኑን ጠርጎ፣ የተቆረጠ እግር አይበቅልም፣ የኔ ልጅ ግን ይመለሳል፣ ያን ጊዜ ውጫሌ ወዴት ትገባለች አለኝ። እኛም ሳቅን። ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ፤ የኔም ጥርስ ሳቀ። ሾፌሩ ግን አልቻለም። ሰው ቀጥሮኛል ብሎ ተነሳ፤ ባጃጁን ሳያስነሳ በእግሩ ሄደ። ይኼ ደግሞ ዛሬ ምን ሆኗል አለ ልብስ ሰፊው፤ መርፌውን እያየ። ነገ እንደሚሸነፍ ገብቶት ነው አልኩት።

እንዲህ አድርገን አስመሸነው። ሲዘጋ ማሊያዎቹን አጣጥፎ ለቡድኑ ሰው አስረከበ፤ ስልኬስ አለኝ። ቻርጅ ላይ ነው፣ ጠዋት ስንሄድ ትወስዳለህ አልኩት። በአንድ አውቶቡስ ነበርና የምንሄደው፣ ከኔ ጋር ለመቀመጥ ተስማማ። መንገድ ሙሉ ታበሽቀኛለህ፣ ግን ካንተ የተሻለ የሚያጫውት የለም አለኝ። በደህና እደር ተባብለን ተለያየን።

ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ ነበርን። ዳኛው ከፊት፣ አባ ከገዳሙ በእግራቸው መጥተው ከጎኑ፣ እኛ ጋቢያችንን ደርበን ከኋላ። የሰፈሩ ሴቶች አጥሩ ሥር ተኮልኩለዋል፤ ድምፅ የለም። እናትየዋን የያዘው ባጃጅ መታጠፊያው ላይ ቆሟል፤ ሾፌሩ ምልክት ይጠብቃል። ለመቀስቀስ አላንኳኳንም። በሩን ራሱ ከፈተው፤ ለጉዞ ለብሶ፣ የቡድኑን ጨርቅ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ። መጀመሪያ ያየው እኔን ነው። ቁመቴ ረጅም ስለሆነ ይሆናል።

"አንተን ደግሞ ማን ቀሰቀሰህ፤ አውቶቡሱ ገና ነው እኮ" አለኝ።

ከዚያ ዳኛውን አየ። አባን፣ በእጃቸው የያዙትን መስቀል አየ። ሴቶቹን አየ። ፊቱ ላይ ያለው ሳቅ ወዲያው አልጠፋም፤ የሚሄድበትን እንዳጣ እዚያው ቀረ።

"ጨዋታው ተሰረዘ እንዴ?" አለ።

አባ ቀረብ ብለው በስሙ ጠሩት፤ ያኔ ሴቶቹ ጮኹ። ከመታጠፊያው እናትየዋ ከባጃጁ ወርዳ ስትሮጥ አየኋት። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም።

ጨዋታው በርግጥ ተሰረዘ። የውጫሌ ቡድን ተጫዋቾች በአውቶቡስ መጥተው ድንኳን ገቡ፤ ያ አምና የተታለለው ተከላካይ ከሁሉም በላይ አለቀሰ። አስከሬን የሌለው ለቅሶ ነው፤ ሰው ወዴት ዞሮ እንደሚያለቅስ ግራ ይገባዋል።

በሠልስቱ ሰው ሲቀንስ ና ተቀመጥ ብሎ ጠራኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ድምፁ ሰልሏል።

"ቅዳሜ ታውቅ ነበር?"

"አዎ" አልኩት።

"ሁላችሁም?"

"ሁላችንም።"

ወጉ እንዲህ ነው ልለው አሰብኩ። ግን ወጉን ከኔ በላይ ያውቀዋል፤ እሱ ራሱ ከዚህ በፊት ስንቱን ጎረቤት ሲያጫውት አምሽቶ ንጋት ላይ አርድቷል። ስለዚህ ተውኩት።

"ስቄ ነበርኮ" አለ። "ልጄ ባሕር ውስጥ ሆኖ እኔ ስስቅ ዋልኩ።"

እጁን ያዝኩ። አልነጠቀኝም። ደግ ነው ያደረጋችሁት፣ ሌላ ምን ልታደርጉ አለኝ፤ ከልቡ እንዳለው አውቃለሁ። እኔ ነኝ የማልቀበለው። ሌላ መንገድ እንዳልነበረ አምናለሁ፤ ነገም ለሌላ ሰው እንዲሁ እንደማደርግ አውቃለሁ፤ ግን ያ ሳቅ ጆሮዬ ላይ ቀርቷል፤ አይወጣም።

አሁን ተመልሶ ይሰፋል። ማሊያም ይሰፋል። እኔም አፌ አያርፍም፤ ቢያርፍ ሐዘኑን ብቻውን የተውኩት ይመስለኛል። ባለፈው ሳምንት ሁለቱ ቡድኖች ዳግመኛ ሊገናኙ ሲሉ፣ አግዳሚው ላይ እንደዚያ ቅዳሜ ተሰብስበን ስለ በረኛቸው አንድ ጥሩ ቀልድ ወረወርኩ። ሁሉም ሳቁ። እሱ መኪናውን አቆመ። አልሳቀም። በመጀመሪያ የሾፌሩን፣ ቀጥሎ የሌሎቹን፣ በመጨረሻ የኔን ፊት አንድ በአንድ አየ።

"ሴት ልጄ ደህና ናት?" አለኝ።