ብስክሌቱ የታላቁ፣ ፓራፋንጎው የታናሹ

ባለቤቴ ማተሚያ ቤት ወረቀት ቆራጭ ነበር። ትልቅ ሥራ ነው ብሎ የሚያወራለት የለም፤ ግን የመጽሐፍ ጠርዝ ሁሉ እኩል ሆኖ የሚገኘው አንድ ሰው ማሽኑ ፊት ቆሞ ስለሚቆርጠው ነው። የሥራ ጓደኞቹ «ሚሊሜትር» ይሉት ነበር። ቤትም ያው ሚሊሜትር ነው። ዳቦ ሲቆርጥ ቁራሾቹን ደርድሮ በአንድ ዓይኑ ያያቸዋል። የመጋረጃው ጫፍ ከወለሉ እኩል ካልራቀ እንቅልፍ አይወስደውም። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ድምፄ የማይወጣ ሴት ነኝ። እሱ ሲለካ ዝም ብዬ የሜትሩን ጫፍ እይዝለታለሁ። ትዳራችን በአብዛኛው እንዲህ ነው ያለፈው፤ ክፉም አልነበረም።

ታናሽ ወንድሙ፣ ዋርሳዬ ማለት ነው፣ እዚያው ማተሚያ ቤት ጠራዥ ነበር። ታላቅየው ይቆርጣል፣ ታናሽየው ይጠርዛል። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፣ ቃል ግን አያልፍም። ለዓመታት ተኳርፈው ነበር። የኩርፊያው ምክንያት ደግሞ ርስት አይደለም፣ ሴት አይደለም። ሁለት ጎባጣ ቆርቆሮ ነው።

አባታቸው አንድ አሮጌ ብስክሌት ነበራቸው። ጥቁር፣ ከባድ፣ ኮርቻው የቆዳ፣ መሪው ሰፊ። ጭቃ እንዳይረጭ ጎማዎቹን የሚከድኑት ፓራፋንጎዎች ከወፍራም ብረት የተሠሩ ረጃጅሞች ናቸው፤ በመሀላቸው ፀጉር የምታክል የወርቅ ቀለም መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ትሄዳለች። ሽማግሌው ከማረፋቸው ትንሽ ቀደም ብሎ ፓራፋንጎዎቹ ተሰርጉደው ስለነበር፣ እጁ ለቀለም የሚታዘዘው ታናሽየው ሊያቃናቸው ፈትቶ ቤቱ ወሰዳቸው። እሱ መስመሯን ስሎ ሳይጨርስ አባት ሞቱ። ብስክሌቱ ለታላቅየው ደረሰ። ታዲያ ዘመድ በተሰበሰበበት የእኔው ሰው፣

«ያንን ፓራፋንጎ ነገ አምጣው» አለ።

«ትእዛዝ ነው ልመና?» አለው ወንድሙ።

«የብስክሌቱ አካል ነው፤ ምን ልመና አለው?»

«እንግዲያው ብስክሌቱ በራሱ እግር ይምጣና ይውሰደው።»

አንዲት አክስታቸው ሳቀች። ባትስቅ ኖሮ ነገሩ እዚያው ይበርድ ነበር ብዬ እስካሁን አስባለሁ።

ከዚያ በኋላ ብስክሌቱ እኛ ቤት ራቁቱን ቀረ። ዋርሳዬ ደግሞ ፓራፋንጎዎቹን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሲሰለቸው በራሱ ብስክሌት ላይ አሰራቸው። የእሱ ብስክሌት ጎማው ትንሽ ነው። ፓራፋንጎው ሕፃን አናት ላይ እንደተደፋ የአባት ባርኔጣ ከጎማው በላይ ተንሳፎ፣ መንገዱ ትንሽ ሲጎረብጥ መንደሩን በኳኳታ ይቀሰቅሳል። የእኔው ሰው በበኩሉ ዝናብ በጣለ ቁጥር ከቀበቶው እስከ ኮሌታው የጭቃ መስመር ተስሎበት ይመጣል። ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ እሱንስ ማንም አይክድለትም።

ሁለቱም ጠዋት በአንድ መንገድ ነው የሚሄዱት። ሁለቱም ደስተኞች ነበሩ። «ሰማሽው ሲንኳኳ? አልገጠመለትም!» ይለኛል የእኔው። ያኛው ደግሞ ቤቱ ገብቶ «ጀርባውን አየሽልኝ?» ይላል። ይህን የነገረችኝ ሚስቱ ናት። እኔና እሷ አልተኳረፍንም፤ ያንን ሁሉ ልብስ እያጠበ ለኩርፊያ ጊዜ የሚተርፈው ማን ነው? አንድ ቀን ደፍሬ «የፕላስቲክ እኮ ሱቅ ሞልቷል» ብለው፣ አባትህን በሌላ አባት ቀይር ያልኩት ይመስል አየኝ። ጃኬቱን ይዤ ወደ ሳፋዬ ተመለስኩ።

ታዲያ አንድ ቀን የዋርሳዬ ሚስት ልብስ እያሰጣች «ልንሄድ ነው» አለችኝ። ባሏ ጡረታ ሊወጣ ነው፤ ሩቅ ከተማ ያለችው ልጃቸው አብረውኝ ይኑሩ ብላለች። ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት።

«ለዘለቄታው ነው?» አለ።

«ለዘለቄታው ነው።»

«ጥሩ ነው።» አለና ሜትሩን አንሥቶ ዕቃ መደርደሪያውን ለካ። ያንን መደርደሪያ ራሱ ለክቶ፣ ራሱ ሠርቶ፣ ራሱ የሰቀለው ነው። አንዴ የለካውን ነገር መልሶ ሲለካ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ሳይነጋገሩ ከተለያዩ በዚህ ዓለም ዳግመኛ እንደማይነጋገሩ ገባኝ። ስልክ አንሥቶ «እኔ ነኝ» የሚል አፍ እግዜር ለሁለቱም አልፈጠረላቸውም።

በማግስቱ ባለቤቴ ወደ ብስክሌት ጠጋኙ ሄደ። ሰላም ፍለጋ እንዳይመስላችሁ። «የአባቴን ፓራፋንጎ አስመስለህ ሥራልኝ፤ የሰው ፊት አላይም» ነው ያለው። ጠጋኙ ደግሞ ምላሱ ከመዶሻው የበለጠ የሚሠራ ሰው ነው። «መልኩን ሳላይ በምን ልሥራው?» ብሎ በቀጥታ ዋርሳዬ ቤት ሄደና ለናሙና ስጠኝ አለው። ዋርሳዬ ቱግ አለ።

«የአባባን ፓራፋንጎ? በጣሪያ ቆርቆሮ ሊያስመስል? እኔ ራሴ ይዤው እመጣለሁ፤ እንደማይቻል ዓይናችሁ ይየው!»

ጠጋኙ ሁለቱንም ለየብቻ ለአንድ ቀን ቀጠራቸው። ባለቤቴ በቀጠሮው ቀን ሲወጣ መነጽሩን ጠረጴዛ ላይ ረሳው። ያለ መነጽር የሚሊሜትር ነገር አይታሰብም ብዬ ተከትዬው ስደርስ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ብስክሌቱን መሀል አድርገው፣ አንዱ ግድግዳውን አንዱ መንገዱን እያዩ ቆመዋል። ጠጋኙ እኔን ሲያይ ፊቱ በራ።

«እሰይ! ቀዳዳው የት የት እንደሚውል ምልክት እንዳደርግ አንዴ ለልክ ብቻ ግጠሙት። እኔ ብሎን ገዝቼ መጣሁ» ብሎ ውልቅ አለ። ብሎን የሚሸጠው ወደ ቀኝ ነው። እሱ መንገዱን ተሻግሮ ሻይ ቤት ገባ፤ በመስኮቱ በኩል እግሩን አጣጥፎ ሲቀመጥ አየሁት።

ፓራፋንጎ መግጠም ለአንድ ሰው አይሆንም። አንዱ ከጎማው እኩል አርቆ ይይዘዋል፣ ሌላው ከግራና ከቀኝ የሚደግፉትን ቀጫጭን ዘንጎች ያስራል። ብረት ከብረት እንዳይንኳኳ በየብሎኑ ሥር ክብ የቆዳ ቁራጭ ይገባል። ይህን ሁሉ ሳይነጋገሩ ሊሠሩት ሞከሩ። አልሆነም።

«ንገሪው» አለ ባለቤቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይህን ዘንግ ያቃናው በመዶሻ ነው በጥርሱ?»

ዋርሳዬ ከእኛ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሟል። «ዘንጉ ትንሽ ጎበጥ ብሏል ይላል» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ንገሪው እትዬ፣ የጎበጠው ዘንጉ ሳይሆን የሱ ዓይን ነው።»

«እስቲ መነጽርህን አድርገህ እየው ይላል» አልኩና መነጽሩን ሰጠሁት።

«እንዲህ አላልኩም!» አለ ዋርሳዬ።

«እኔም ጎበጥ ብሏል አላልኩም!» አለ ባለቤቴ።

ሁለቱም በእኔ ተቆጡ። ከስንት ዘመን በኋላ በአንድ ነገር መስማማታቸው ነውና ቁጣውን በፀጋ ተቀበልኩት። ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ፣ «ይህ ግትር» ያለውን «ወንድሜ»፣ «ያ እብሪተኛ» ያለውን «ታላቄ» እያልኩ ሳደርስ ፊቴ በላብ ታጠበ።

የፊተኛው ታሰረ። የኋለኛው ላይ ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ ብሎኑን ማጥበቅ ጀመረ። ዋርሳዬ ፓራፋንጎውን በአንድ እጁ ደግፎ፣ የሌላውን እጁን ጣት በጎማውና በብረቱ መካከል አስገባ። አባታቸው ክፍተቱን የሚለኩት በጣታቸው ነበር። ባለቤቴ ይህን አላየም፤ ዘንጉን ሳብ አድርጎ አጠበቀ።

«ጋሼ! ጣቴን! ጋሼ!»

«ደንቆሮ! ማን እዚያ ውስጥ ክተተው አለህ?»

«ልኩን እያየሁልህ ነዋ!»

ባለቤቴ ብሎኑን በጥድፊያ አላልቶ ጣቱን አወጣለትና እንደ ሕፃን ጣት እፍ፣ እፍ አለበት። ከዚያ የማንን ጣት እንደያዘ ትዝ ያለው ይመስል ለቀቀው።

«በጣት ይለካል ደግሞ?»

«አባባ በምን ነበር የሚለኩት?»

«የአባባ ጣት ወፍራም ነው! ያንተ እርሳስ ያክላል!»

«እንግዲያው ያንተን ክተት!»

ከተተው። «ይኸው። ልክ ነው።»

«ጠባብ ነው። የአባባ ከዚህ ይወፍራል።»

«የአባባን ጣት ለእኔ ልትነግረኝ ነው? በዚያ ጣት ስንት ኩርኩም ቀምሻለሁ!»

«እኔስ? ያንተን ጥፋት ጨምሬ ቀምሻለሁ!»

ሁለቱም የአባታቸውን ጣት በደንብ ያውቁታል፤ ችግሩ የሚያውቁት ውፍረት መለያየቱ ነው። እኔ ወደ ግድግዳው ጠጋ አልኩ። ንገሪው የሚለኝ ጠፍቷል። እየተጯጯሁ ፈቱት፣ እየተጯጯሁ አሰሩት፤ መንገደኛ ሁሉ ሊደባደቡ ነው ብሎ ይቆማል። እኔ እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ ስጠርግ ያዩ አንዲት ሴት «አይዞሽ፣ ሰው ይገላግላቸዋል» አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው፤ ሌላ ምን ይባላል?

ጠጋኙ ብሎን ሳይዝ ተመለሰ። «ገጠመ እንዴ? ልኩን ልውሰድና ይፈታ?»

«እንዳትነካው!» አሉ ሁለቱም።

ያን ቀን ጠዋት ዘንቦ ነበርና ከሱቁ ፊት ውሃ ተኝቷል። ባለቤቴ ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ በመሀሉ አለፈ። ውሃው ፓራፋንጎው ሥር እየተንሾካሾከ ወደ መሬት ሲመለስ ይሰማል እንጂ አንዲት ጠብታ አልወጣችም፤ ኳኳታም የለም። ዋርሳዬ ጀርባውን መረመረና «ደረቅ ነው» አለ፣ ቅር ያለው ይመስላል። «ውረድ፣ ደግሞ እኔ።» እሱም አለፈ። ከዚያ ባለቤቴ ደገመ። ሽበታም ሰዎች ተራ እየተጠባበቁ ኩሬ ውስጥ ሲነዱ ጠጋኙ ሱቁን ዘጋ።

ይቅርታ ያለ የለም። ዋርሳዬ በሄደ ቀን መኪናው መስኮት ላይ ሆኖ «ለልክ ነው የተውኩልህ» አለው። «ይታወቃል» አለ ባለቤቴ።

አሁን እዚህ ዝናብ ሲጥል ስልኩ ይጮኻል፤ የአየር ጠባይ ዜና የማያመልጠው ዋርሳዬ ነው።

«ወጣህ?»

«አሁን ገባሁ።»

«ጀርባህ?»

«ደረቅ ነው።»

«የኋላው ብሎን ሳይላላ አይቀርም። ቆዳው ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል ብዬህ ነበር።»

«አንተ ከዚያ ሆነህ የእኔን ብሎን ልታውቅ? አልላላም!»

ስልኩን ዘግቶ፣ ቁልፉን ይዞ ወደ በረንዳው ይወጣል። ትንሽ ቆይቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይመለሳል።

«ትንሽ ላልቶ ነበር» ይለኛል። «እንዳትነግሪው።»