አባቴ የተረጎመው ፊልም

ሴቶች ኳስ ተጫውተው አገር ምድሩን የሚያስለቅሱበት ፊልም በቴሌቪዥን ሲመጣ ቻናሉን እቀይራለሁ። ባለቤቴ «ምን አደረጉሽ?» ይለኛል። እነሱ ምንም አላደረጉኝም። ያደረገኝ አባቴ ነው። ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ደግሞ አባቴን የሚያመሰግነው እንጂ የሚያማው ስለሌለ፣ ነገሩን በሆዴ ይዤ ኖሬአለሁ።

አባቴ በሥራ ቀን ግብርና ቢሮ ይሠራ ነበር፤ እሁድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ይተረጉማል። ሰባኪው በአማርኛ አንድ ነገር ይልና ዝም ይላል፣ አጠገቡ የቆመው አባቴ በሀዲይኛ ይቀበለዋል። የሚቀበለው ቃሉን ብቻ አይደለም። ሰባኪው እጁን ሲያነሳ ያነሳል፣ ሲቆጣ ይቆጣል። ሰባኪው «እኔ ሰካራም ነበርኩ» ካለ፣ በሕይወቱ ጠላ ቀምሶ የማያውቀው አባቴ ደረቱን እየመታ «እኔ ሰካራም ነበርኩ» ይላል። ማንም አይስቅም። እኛ ጋ ጥሩ ተርጓሚ ማለት ሰባኪውን የሚያስረሳ ነው፣ አባቴ ደግሞ ስንቱን ሰባኪ አስረስቷል።

ያኔ የሃይስኩል ተማሪ ነበርኩ፤ የሴቶቹ ቡድን በረኛ። ጎበዝ በረኛ ነበርኩ፣ ትሕትናው ለሌላ ቀን ይቆየኝ። ቡድኑን ያቋቋመው የስፖርት መምህራችን ነው። ወንዶቹ ልምምዳቸውን እስኪጨርሱ ሜዳው ዳር ቆመን እንጠብቅና በተረፈችው ብርሃን እንጫወታለን። መንገድ ላይ «ወንዳወንድ» እያሉ ይከተሉናል። ቤተሰቦቻችን ይህን ሁሉ እያጉረመረሙም ቢሆን ችለውት ነበር። ያልቻሉት ዱራሜ ማደራችንን ነው።

ዱራሜ ላይ የአካባቢው ከተሞች የሴት ቡድኖች ይወዳደራሉ ተባለ፤ ለአዲስ አበባ ክለብ ተጫዋች የሚመርጡ ሰዎችም ይመጣሉ ተባለ። ዱራሜ ሩቅ ሆኖ አይደለም። ግን ሴት ልጅ በቁምጣ ተጫውታ፣ በዚያው በሰው ከተማ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ፍራሽ አንጥፋ ልታድር ነው ሲባል አንድም አባት ሊሰማ አልፈለገም። እኔ ደግሞ ከዚያ በቀር የምመኘው ነገር አልነበረም። ይህ ካመለጠኝ ሆሳዕና ድረስ መጥቶ የሚያየኝ እንደሌለ አውቃለሁ።

መምህራችን ወላጆቹን በምክር ማሳመን ሲያቅተው ፊልም አመጣ። በውጭ አገር፣ ዓሣ አጥማጆች በሚኖሩበት መንደር፣ ሴት ልጆች ከወንዶቹ ጋር ተጋፍተው የኳስ ቡድን ሲመሠርቱ ያሳያል። አማርኛ የተጫነበት ትርጉም ፊልም ነው፤ ግን ከገጠር ቀበሌ የሚመጡት እናቶች አማርኛ እንደልብ አይሰሙም። መምህሬ «አባትሽ ይተርጉምልን» አለኝ። ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ከየት ይመጣል ብዬ ቤት ሮጥኩ። አባቴም ደስ ብሎት እሺ አለ። ተርጉም ተብሎ እምቢ ብሎ አያውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱን አዳራሽ መስኮቶች በብርድ ልብስ ሸፍነን፣ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጠርን። አባቴ የእሁድ ሱፉን ለብሶ አንሶላው አጠገብ ቆመ። እጁን ሲያነሳ መምህሩ ላፕቶፑን ያቆማል፤ ተርጉሞ እጁን ሲያወርድ ፊልሙ ይቀጥላል። መጀመሪያ ላይ ሰዉ ያንሾካሽክ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን ፊልሙን ትቶ አባቴን ማየት ጀመረ።

ልጅቷ አባቷን የምትለምንበት ቦታ ደረሰ። ውድድሩ ሌላ ከተማ ነው፣ ማደር አለ፤ አባትየው የዓሣ መረቡን እየጠገነ ዝም ብሏታል። አባቴ እጁን አነሳ። ጉልበቱን አጠፍ አደረገና በዚያ በወፍራም ድምፁ፣ በሀዲይኛ፣ «አባዬ፣ ያሳደግከኝ አንተ ነህ። ካመንከኝ ልቀቀኝ። ካላመንከኝ ያላመንከው ራስህን ነው» አለ። ቤተ ክርስቲያን እንደለመደው ቃሉን ደገመው፤ ሲደግመው ሁለት እጁን ዘረጋ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እኔም አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለፊልሟ ልጅ አልነበረም። አባቴ የእኔን ልመና በራሱ አፍ ለምኖልኛል፣ ከእንግዲህ መጠየቅም አያስፈልገኝም ብዬ ነው። ሞኝነቴን ሳስበው ዛሬም ያናድደኛል።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ማልያዬን አጥቤ አሰጣሁ። አባቴ አየው።

«ይሄ ለምንድነው?»

«ለዱራሜ ነው፣ አባዬ።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ትናንት ካመንከኝ ልቀቀኝ ብለህ የለ?»

«እሱን ያለችው ልጅቷ ናት» አለ፣ ሳይቆጣ። «እኔ ተርጓሚ ነኝ። ተርጓሚ የሰው መልእክት ያደርሳል። ሰባኪው ሰካራም ነበርኩ ስላለ እኔ ሰካራም ነበርኩ እንዴ?»

 ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ፣ እኔ እዚያ እንደሌለሁ ሁሉ፣ «የሌላው ልጅ ብትሄድ ነገሩ ይታለፋል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ልጅ ስትሄድ ግን ጉባኤው በሙሉ ያወራል» አላት። እናቴ ቆጮ እየከተፈች ነበር፤ ቀና አላለችም። ከአባቴ ይልቅ በእሷ ያዘንኩበት ጊዜ አለ።

ጉዱ ገና ነበር። የሌሎቹ አባቶች አንድ በአንድ ፈቀዱ። ሆመቾ አካባቢ የሚያርስ አንዱ አባት ቤታችን ድረስ መጥቶ «በአንተ አፍ ጌታ ተናገረኝ። ልጄን ለቅቄአታለሁ» አለው። አባቴ «ክብሩ ለጌታ ይሁን» ብሎ እጁን በሁለት እጁ ጨበጠው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሁለቱም አላዩኝም።

ልጆቹን መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ጓንቴን የሰጠኋት ተከላካያችን በእኔ ቦታ በረኛ ልትሆን ነው፤ ኳስ ሲመጣ ዓይኗን የምትጨፍን ልጅ። አባቴ በተናገረው ቃል ሁሉም አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጠዋል፣ የእሱ ልጅ ታች ቆማ እጇን ታወዛውዛለች። የሆመቾው ገበሬ ልጅ ተመርጣ አዲስ አበባ ገባች። ጥሩ ልጅ ናት፣ ያጠፋችው ነገር የለም፤ ግን ቀንቼባታለሁ፣ ዛሬም እቀናባታለሁ። እኔ ፋርማሲ ተምሬ እዚሁ ተቀጠርኩ። ኑሮዬ መጥፎ አይደለም። የፈለግኩት ኑሮ ግን አይደለም።

አባቴ አሁን ጡረታ ወጥቷል። በከተማችን የሴቶች ኳስ በተነሳ ቁጥር የእሱም ስም አብሮ ይነሳል። ባለፈው መስቀል ቤቱ እንግዳ በእንግዳ ሆኖ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ዘመዳችን የፊልሙን ወሬ ሰምቶ ጠየቀው። አባቴ ብድግ ብሎ፣ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ፣ የልጅቷን ልመና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አለው። ዛሬም ያምርበታል። እኔ የእጅ ውሃ ይዤ ከጎኑ ቆሜአለሁ።

«ታዲያ የእርስዎ ልጅስ ትጫወት ነበር?» አለ እንግዳው።

አባቴ ወደ እኔ አየና ፈገግ አለ። «እሷ እንኳ ኳስ ብዙም አትወድም ነበር» አለ። እየዋሸ አልነበረም፤ ከልቡ ነው ያለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደዚያ ብሎ አምኖ ኖሯል ማለት ነው።

«እወድ ነበር» አልኩ።

እንግዳው ቀና ብሎ አየኝ። አባቴ ሁለት እጁን ዘርግቶ ውሃውን እየጠበቀ ነበር፤ አፈሰስኩለት።