በሰው አባት መቀመጫ ላይ

ያን ሰሞን ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ «ኦን» የምትባለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሳስተምር ሦስት ሳምንት ፈጀሁ። ለአንዲት ባለ ሁለት ፊደል ቃል ሦስት ሳምንት? አዎ። መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ ነው ስል ሁሉም ገባቸው። ሥዕሉ ግድግዳ ላይ፣ ቀለበቱ ጣት ላይ፤ ይሁን አሉ። ሰኞ ዕለት ለማለትም፣ በእግር ለመሄድም፣ ስለ ቡና የተጻፈ መጽሐፍ ለማለትም ያችኑ «ኦን» ሳመጣ ግን ክፍሉ አኮረፈ። እኔ ደግሞ ስህተት ሰምቼ ዝም ማለት አልችልበትም። ዐረፍተ ነገሩ ሳያልቅ «ተሳስተሻል፣ ድገሚው» እላለሁ። በዚህ ጠባዬ እኮራ ነበር።

ከሁሉም ቀድሞ የገባት ከጀጎል ግንብ ውስጥ የምትመጣ አንዲት ልጅ ነበረች። የሚኒስትሪ ፈተና ምዝገባ በማግስቱ ሊዘጋ ሲል የእሷ ፎርም ብቻ የአባት ፊርማ አልነበረበትም። ጠየቅኋት።

«ሚስ፣ ባባ ትምህርት ይበቃሻል ብሎኛል» አለች፣ እግሯን እያየች።

ደሜ ፈላ። ፎርሙን ይዤ፣ ከትምህርት ቤት ስንወጣ ተከትያት በፈላና በር ገባሁ። አያቶቼ ከሸዋ ከመጡ ጀምሮ ከግንቡ ውጭ ነው የምንኖረው። ሐረር ተወልጄ፣ ሐረር አድጌ፣ በእነዚያ ጠባብ መንገዶች ለገበያ ስመላለስ ኖሬ፣ የጀጎል ሰው ቤት ገብቼ አላውቅም ነበር።

እናቷ በፈገግታ ተቀበሉኝ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ቤቱ ውስጥ ወንበር የለም፤ የሚቀመጡት ነደባ በሚሉት፣ ከቤቱ ጋር አብሮ በተሠራና ምንጣፍ በለበሰ መደብ ላይ ነው። አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ይላል። አባትየውን ገና ሲገቡ ላያቸው ስለፈለግኩ በሩን የሚያየውን፣ ከፍ ያለውን መርጬ ወጣሁበት። ወደ ሌላው ነደባ ሊያመለክቱኝ የዘረጉት የእናትየው እጅ አየር ላይ ቀረ። ልጅቷም ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም።

አባትየው ከዐስር ሶላት በኋላ መጡ። በሩ ላይ ቆም ብለው አዩኝ፤ በአክብሮት ሰላም አሉኝና ከበሩ አጠገብ ዝቅ ያለው ነደባ ላይ ተቀመጡ። ትሑት ሰው ናቸው ብዬ ተጽናናሁ። ስለ ፈተናው ለመንኳቸው።

«መምህርት፣ እርስዎን አከብራለሁ» አሉ። «ለልጄ ግን እፈራለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ተማረች፤ ዛሬ አባቷን አፍ አፉን ትለዋለች። የእኔም ልጅ አደቧን ጥላ እንድትመጣ አልፈልግም።»

«መጀመሪያ የተማረችውን ይስሙላት!» አልኩና ወደ እሷ ዞርኩ። «እዚህ ቤት ማን ምን ላይ እንደተቀመጠ በእንግሊዝኛ ንገሪን።»

ልጅቷ አባቷን አየች፤ እኔን አየች። ከዚያ በጠራ እንግሊዝኛ፣ «አባቴ ከፍ ያለው ላይ ነው። መምህሬ ዝቅ ያለው ላይ ናት» አለች።

ግልብጥ! የሦስት ሳምንት ልፋቴ በአባቷ ፊት ገደል ሲገባ ታየኝ።

«ተሳስተሻል፣ ድገሚው።»

ያንኑ ደገመችው። ዓይኖቿ እየለመኑኝ ነበር፤ ግን አልገባኝም።

«ምን አለች?» አሉ አባትየው።

ምናለ ዝም ብል! ተረጎምኩላቸው። «ግራ ገብቷት ነው እንጂ፣ ከፍ ያለው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ዝቅ ያለው ላይ ደግሞ እርስዎ» አልኩ።

አባትየው ዓይናቸውን ወደ ምንጣፉ መለሱ።

«ግራ አልገባትም» አሉ። «ያ የተቀመጡበት የአባወራው ቦታ ነው። ልጆቼም አይወጡበትም። እንግዳን ግን አንዴ ከተቀመጠ በኋላ ተነሥ አንልም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልወርድ ስነሣ፣ «ቁጭ ይበሉ» አሉኝ። ቁጭ አልኩ፤ የሰው አባት ቦታ ላይ። ወደ ልጃቸው ዞረው በቤታቸው ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቋት። ባጭሩ መለሰችላቸው። አሁን ምን ተባለ ብዬ የምጠይቀው ሰው ያጣሁት እኔ ነበርኩ።

እጃቸውን ዘረጉና ፎርሙን ተቀበሉኝ። ይቀድዱታል ብዬ ፈራሁ። ጉልበታቸው ላይ አስተካክለው፣ ስማቸውን በዓረብኛ ፊደል ቀስ ብለው ጻፉበት።

«አልሐምዱሊላህ፣ አደቧ አብሯት አለ» አሉ። ፎርሙን ሲመልሱልኝ ግን ፊቴን አላዩም። «ከእርስዎ እንዳልተማረችው ግን አይቻለሁ።»

ልጅቷ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። ትንሽ እንደሄድን፣ «ምን ብለው ነው የጠየቁሽ?» አልኳት።

«‹ለማን ብለሽ ዋሸሽ?› አለኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ለሚስ ብዬ ነው አልኩት።»

ለእሷ የምከራከርላት መስሎኝ ነበር የሄድኩት። እሷ ገመናዬን ስትሸፍንልኝ እኔ በወላጆቿ ፊት ሁለት ጊዜ አሳጥቻታለሁ። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። መምህር ተማሪውን ይቅርታ ሲጠይቅ ግን አይቼ አላውቅም። «ነገ እንዳትቀሪ» ብቻ ብያት ሄድኩ።