የጋሽ መክብብ አጥሚት

ከሊፋ የሚባለው የቫን ሾፌር በሕይወቱ የፈራው ሰው እንደሌለ በአትላንታና በአካባቢዋ በይፋ የታወቀ ነው። አስታዋቂው ራሱ ከሊፋ ነው። ሚስቱ ዘሃራ ግን በአሥራ አራት ዓመት ትዳር ውስጥ ከበረሮ፣ ከጥርስ ሐኪምና ከኋላው ከሚበራ የፖሊስ መብራት ሲሸሽ በዓይኗ ስላየችው በዚህ መግለጫ ላይ የተለየ አቋም አላት።

የሆነው ሆኖ በዚያ ሰሞን የያዘው ፍርሃት ከእነዚህ ሁሉ ይለይ ነበር። ቀበቶው ላይ በምስማር ሁለት አዲስ ቀዳዳ ያስበሳ ፍርሃት ነው።

ሥራው ቀላል ነው። አትላንታ ዛሬ በየመጋዘኑ ፊልም የሚቀረጽባት ከተማ ሆናለች፤ ከሊፋም አሥራ አምስት ሰው በሚጭን ነጭ ቫን ኤክስትራ የሚባሉትን ያመላልሳል። ኤክስትራ ማለት በፊልሙ ውስጥ ከዋናው ሰው ጀርባ ተቀምጦ የሚበላ፣ የሚያልፍ፣ የሚደነግጥና አንዲት ቃል የማይተነፍስ ሰው ነው። ሕዝቡ ማለት ነው በአጭሩ፤ በፊልምም ቢሆን ሕዝቡ ድምፅ የለውም። እነዚህን ከአንድ ቤተ ክርስቲያን መኪና ማቆሚያ አንሥቶ አቮንዴል እስቴትስ አጠገብ ያለው መጋዘን ያራግፋቸዋል፤ ሲጨርሱ ደግሞ ይመልሳቸዋል።

የዚያን ሰሞን ፊልም ምንነት የነገረችው ገሊላ ናት። ገሊላ ሜካፕ ክፍል ውስጥ የምትሠራ፣ እዚሁ ያደገች ልጅ ናት፤ ለትልቅም ለትንሽም "አንተ" ነው የምትለው።

"ሪሜክ ነው ባክህ" አለችው አንድ ጠዋት ቫኑ ውስጥ ቡናዋን እየጠጣች። "ኦሪጅናሉ የኮሪያ ነው። ላይክ፣ ሰውዬው እህቱን በመኪና የገጨበትን የፋብሪካ ባለቤት አሥራ አንድ ዓመት ይጠብቀዋል። ከዛ ኩክ ሆኖ ይቀጠርለትና አንድ ዓመት ሙሉ ሾርባ ያበላዋል። እኛ ግን ሾርባውን ባርቢኪው አደረግነው። መጨረሻውንም ቼንጅ አድርገውታል፤ ቱ ዳርክ ነው ብለው። ይቅር ይለዋል።"

"ይቅር ይለዋል?" አለ ከሊፋ።

"ይተቃቀፋሉ።"

ከሊፋ መሪውን በቡጢ መታው። እነዚህ ሆሊውዶች! የሰው ወጥ አንሥተው በራሳቸው ሳህን የሚገለብጡ፣ በርበሬውን አጥበው "እኛ የሠራነው" የሚሉ! ኮሪያዊ በቀሉን እንደ ጠጅ ጠምቆ፣ ቀብሮ፣ አቆይቶ ያቀርባል፤ እነዚህ ለስላሳ መጠጥ አድርገው በገለባ ይጠጡታል! እንዲህ እያለ እስከ መጋዘኑ ድረስ ተቆጣ። የተቆጣበት ምክንያት ነበረው፤ ያን ፊልም ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ከዛሬ ሃያ ዓመት በፊት ከሊፋ ደሴ ውስጥ የአንድ ቪዲዮ ቤት ተርጓሚ ነበር። ከመጋረጃ ጀርባ ይቀመጣል፤ ማይክራፎኑን ይይዛል፤ ከሥር የሚያልፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ግማሹን እያነበበ ግማሹን ከሆዱ እያወጣ ለሰፊው ተመልካች በአማርኛ ያሰማል። ፊቱን የሚያውቀው የለም፤ ድምፁን የማያውቅ የለም። የኮሪያን የበቀል ፊልም የሚያህል ደግሞ አልነበረም። ቤቱ ይሞላል፤ ሰው መስኮት ላይ ይንጠለጠላል።

ጠላቱ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የትምህርት ቤቱ ዩኒት ሊደር መምህር መክብብ። መምህር መክብብ ከክፍል የፎረፉ ተማሪዎችን ፍለጋ አንዲት ቁራጭ የውሃ ጎማ ይዞ ቪዲዮ ቤቱን ይወርራል። ባትሪ እያበራ ተማሪውን በፊቱ ይለያል፤ ተመልካቹን እየገረፈ ይበትናል። አንድ ዓረፍተ ነገር በጨረሰ ቁጥር "ተግባብተናል?" ይላል።

ከሊፋ ምን አደረገ? የፋብሪካውን ባለቤት፣ ያን ገጭቶ ያመለጠ አውሬ፣ "መክብብ" አለው። ጉሮሮውን እንደ መምህሩ አስጠረገው። ሰው ባስገረፈ ቁጥር "ተግባብተናል?" አስባለው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ምግብ አብሳዩ ሾርባውን ይዞ በገባ ቁጥር ተማሪው በአንድ ድምፅ "ጋሽ መክብብ፣ አትብሉት!" ብሎ ይጮኻል። ጩኸቱ ከቪዲዮ ቤቱ ወጣ፤ ትምህርት ቤት ገባ፤ ገበያ ወረደ። መምህሩ ሻይ ቤት ዳቦ ሲያነሣ "አትብሉት!" የሚል አይጠፋም። ዓመቱ ሳያልቅ ዝውውር ጠይቆ ከደሴ ወጣ አሉ። ከሊፋም ድል አደረግሁ ብሎ አንድ ሳምንት ተንጎራደደ።

እንግዲህ ኢድ ካለፈ ከጥቂት ቀን በኋላ፣ በማለዳ፣ አንድ ሽበታም ሰው ከዘራውን አስቀድሞ ቫኑ ውስጥ ገባና ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ። ከሊፋ ሐበሻ መሆኑን ሲያይ ያ የጥንት ድምፁ ከደረቱ ተነሣበት፤ ጉራ አይደል? "አባቴ፣ ቀበቶዎን ይታጠቁ፤ ጉዞ ልንጀምር ነው" አለ፣ እንደ መጋረጃ ጀርባው ዘመን አስረዝሞ።

ሽማግሌው ቀና ብለው ትክ ብለው አዩት።

"ታጥቄያለሁ ልጄ። መክብብ እባላለሁ፤ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ሊልበርን ከልጄ ጋር ነው የምኖረው፤ ቤት ከምትቀመጥ ብላ ኤክስትራ አስመዘገበችኝ። በሩን ቀስ አድርገህ ዝጋው፣ ይገነጠላል። ተግባብተናል?"

ከሊፋ ጀርባው ላይ ውሃ የፈሰሰ መሰለው። በአገሩ ቋንቋ ሲናገር የሚያስፈራው ነገር ይኼው ነው፤ ፊቱን አያውቁትም፣ ድምፁ ግን እንደ ጣት አሻራ ነው። ጉሮሮውን ይዞ ራሱን ወዘወዘና በሹክሹክታ "ጉሮሮዬን... አሞኛል" አለ።

"በአንዴ?" አሉ ጋሽ መክብብ። "አሁን እኮ እንደ ደወል ነበርክ!" ቆይተውም "ግድ የለም። ነገ አንድ ነገር ይዤልህ እመጣለሁ" አሉት።

"ይዤልህ እመጣለሁ።" ያ የፊልሙ ምግብ አብሳይ የመጀመሪያው ቀን የተናገራት ዓረፍተ ነገር ናት። የተረጎማት ደግሞ ራሱ ከሊፋ ነው።

በማግስቱ ጋሽ መክብብ ቴርሞስ ይዘው መጡ። አጥሚት ነው፤ የአጃ፤ ዝንጅብል ያለበት፤ የሚጨስ። ከሊፋ ባለችው አንዲት ጋሻ ሊከላከል ሞከረ፤ የክርስቲያን ሥጋ ለእስላም፣ የእስላም ለክርስቲያን አይሆንም፤ ይህን የሚያውቅ ሰው አያስገድድም።

"ጋሼ፣ ሥጋ ከሆነ እንኳ..." አለ በሹክሹክታ።

"አጥሚት ውስጥ ሥጋ የት አየህ? ቅቤም የለበትም። ጠጣ።"

"እርስዎስ?"

"እኔ አሁን አልቀምስም" አሉ ሽማግሌው፣ ሰዓታቸውን እያዩ።

በፊልሙም አብሳዩ አይቀምስም ነበር። ከሊፋ ጠጣ። እያንዳንዷ ጉንጭ ስትወርድ አቅጣጫዋን ተከታተለ፤ ጨጓራው ጋ ስትደርስ ቆማ የምታስብ መሰለው። ጋሽ መክብብ በቴርሞሱ ክዳን የቀዱለት እስኪያልቅ ዓይናቸውን ከእሱ አላነሡም።

በየቀኑ እንዲህ ሆነ። በየቀኑ አጥሚት፣ በየቀኑ ያ ዓይን፣ በየቀኑ "ተሻለህ? ድምፅህ አልተመለሰም?" ከሊፋ ቤቱ ሲገባ ሌላ ምግብ አልወርድ አለው። መንገድ ላይ በስፖኪዮ የሚያየው መኪና ሁሉ የሚከተለው መሰለው። የሻይ ማንኪያ ሲወድቅ ይዘላል። ሰባተኛው ቀን ላይ "ቤት እጨርሰዋለሁ" ብሎ ቴርሞሱን ይዞ ሄደና ዘሃራ ፊት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው፤ እንደ ቦምብ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርጎ።

ታሪኩን ሁሉ ሰማችው። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"አንተ ከሊፋ፣ ልቦና የለህም? ይሄ ሰውዬ ኮሪያ ነው እንዴ? የደሴ መምህር እኮ ነው! አንተን ለመግደል በየማለዳው ተነሥቶ አጃ ያማስላል?"

"እነሱ ይጠብቃሉ ዘሃራ። ያ አብሳይ አሥራ አንድ ዓመት ነው የጠበቀው።"

"ይሄ ሃያ ሞልቶታል፤ ረስቶታል በለኛ!"

"እሱ ነው የሚያስፈራው!"

"ወላሂ አብደሃል። ሂድና አፉ በለኝ በለው።"

"በነሱ ፊልም ይቅርታ የጠየቀ ነው መጀመሪያ የሚሞተው።"

ዘሃራ ቴርሞሱን ከፈተች፤ አሸተተች፤ እሱ "ያ ረቢ!" ብሎ ከመነሣቱ በፊት ግማሹን ጠጣችው። "ዝንጅብል በዝቶበታል" አለችና ልብስ ማጠፏን ቀጠለች። ከሊፋ እስከ መግሪብ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ትንፋሿን ሲቆጥር ዋለ። ምንም አልሆነችም። ይህ ግን አላጽናናውም። ለአንድ ቀን ነዋ የጠጣችው፤ የእሱ ቀስ እያለ የሚጠራቀመው ዓይነት ነው ብሎ ደመደመ። ፍርሃት አንዴ ከገባ ለራሱ ማስረጃ አያጣም።

የመጨረሻው የቀረጻ ቀን ደረሰ። የተቀረጸው የፊልሙ ማብቂያ ነው። አለቃው ይንበረከካል፤ አብሳዩ ሳህኑን ይጥላል፤ ይተቃቀፋሉ፤ ከኋላ የተቀመጠው ሕዝብ ያጨበጭባል። ጋሽ መክብብም ታዘው አጨበጨቡ። ከዚያ ሽማግሌ ናቸው ተብሎ ቀድመው ተለቀቁና ከሊፋ ብቻቸውን ይዟቸው ወጣ። አሥራ አምስት ወንበር፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ቴርሞስ። ቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ደርሶ ሞተሩን ሲያጠፋ ጋሽ መክብብ አልወረዱም። በሩንም አልከፈቱም።

"ልጄ" አሉ። "ይሄን ፊልም ደሴ አይቼዋለሁ።"

ከሊፋ ቁልፉን ጨበጠ። ሮጦ ማምለጥ አሰበ፤ ቀበቶው ታስሯል፤ መፍቻው ጠፋበት።

"ተማሪዎቹ ምን እንደሚሳለቁብኝ ላጣራ ጋቢ ተከናንቤ ገባሁ። የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ስሜን ሰማሁ። ሕዝቡ ሲስቅ ሰማሁ። ከፊቴ ሁለት ወንበር ራቅ ብላ የምትስቅ ሴት ነበረች፤ ባለቤቴ ናት፤ እኔ መኖሬን አላወቀችም። ተነሥቼ ወጣሁ። ሳያልቅ።"

ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሀል አቆሙ።

"ከዚያ በኋላ ዳቦ ባነሣሁ ቁጥር 'አትብሉት' ይሉኛል። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ሳስብ ኖርሁ። ሌላ ሰው ልጠይቅ አፈርሁ። አንተ 'ቀበቶዎን ይታጠቁ' ስትለኝ የዚያኑ ደቂቃ አወቅሁህ።"

"ካወቁኝ ለምን..." አለ ከሊፋ። ሹክሹክታው ተረስቶት ነበር፤ ሙሉ ድምፁ ቫኑን ሞላው።

"ድምፅ የለኝም አልክ። ድምፅ የሌለውን ሰው ምን ብዬ ልጠይቀው? እስኪሻልህ አጥሚት ሠራሁልህ።" ዞረው አዩት። "አሁን ንገረኝ። ያ ሾርባ ውስጥ ምን ነበረበት?"

ከሊፋ በዚያች ቅጽበት ሌላ ፍርሃት ያዘው፤ ከሁሉ የባሰው። ደሴ ላይ ምን ብሎ እንደነበር አስታወሰ። በፊልሙ አለቃው በመጨረሻ የአብሳዩን ማንነት ሲያውቅ "ምን ጨመርክበት?" ብሎ ይጮኻል፤ አብሳዩ ድስቱን አጥቦ፣ መልስ ሳይሰጥ፣ ይወጣል። ደሴ ዝምታ አልፈለገችም፤ ደም ፈለገች። ከሊፋም ማይክራፎኑን አፉ ውስጥ ሊከተው ምንም ሳይቀረው "የአይጥ መርዝ!" ብሎ አምባረቀላት። እንዲህ ሆነና ሆሊውድን የሚሰድበው ሰው ከሆሊውድ ሃያ ዓመት ቀድሞ መጨረሻውን ቀይሮ ኖሯል።

መዋሸት ይችል ነበር። ሙያው ነው።

"ምንም አልነበረበትም" አለ።

"ምንም?"

"ምንም ጋሼ። መርዝ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሕዝቡ እንዲጮኽ። ሾርባ ብቻ ነበር፤ ያውም ጥሩ ሾርባ።"

"ሞተ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ታዲያ ሰውየው በምን ሞተ?"

"ፈርቶ። ከዚያ ወዲያ ምግብ አልወርድ አለው። በሞላ ገበታ ፊት ነው የሞተው።"

የጋሽ መክብብ ዓይን ወደ ከሊፋ ወገብ ወረደ፤ በምስማር የተበሱትን ሁለት ቀዳዳዎች አየ።

"አንተም ከስተሃል" አሉ።

ከሊፋ ማልቀስ ጀመረ። እንደ ፊልሙ አይደለም፤ አፍንጫው እየፈሰሰ። "አፉ ይበሉኝ ጋሼ። ስምዎን... ለሳቅ ነው... ሰው መሆንዎን አላሰብኩም።"

ሽማግሌው አላቀፉትም። ሰዓታቸውን አዩ። ቴርሞሱን ከፈቱና ከኪሳቸው ሁለተኛ ኩባያ አወጡ። ሁለቱንም ሞሉ።

"ዘጠኝ ሰዓት ሆነ" አሉ።

"አሁን አልቀምስም ይሉ የነበረው..."

"ሑዳዴ ነዋ! ወሎ ያደግህ ልጅ፣ ከጾመኛ ጎረቤት ጋር የኖርክ፣ ይሄ ይጠፋሃል?"

ጠፍቶት ነበር። የራሱ ጾም በኢድ ሲያልቅ የሰው ሁሉ ጾም ያለቀ መስሎት ነበር። ጋሽ መክብብ አማትበው ጠጡ። ፊታቸውን አጨማደዱ።

"ዝንጅብል በዝቶበታል። ስለ ይቅርታው ኩባያህን ስትጨርስ እናወራለን፤ ብዙ የምልህ አለኝ፤ ስለ ባለቤቴም አለኝ። መጀመሪያ ግን ጠጣ። ተግባብተናል?"

ከሊፋ ሲቀበል አጥሚቱ ጉልበቱ ላይ ፈሰሰና አቃጠለው። ኩባያውን በሁለት እጁ ያዘ።

"ተግባብተናል" አለ፣ በራሱ ድምፅ፤ ጠጣውም።